ቤት ለማን ይሠራል?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠች አንዲት አጭር ትእዛዝ እናገኛለን። ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዛለች፤ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ታስጠነቅቃለች። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ስለ ነበረ ሰው ይቀመጥበት፣ ይተኛበት፣ እህል ያሰጣበት ነበር። ትእዛዟ ስለ ጠፋ በሬና ስለ ወፍ ጎጆ በሚናገሩ ሕግጋት መካከል ተሸጉጣ ስለምትገኝ ብዙ አንባቢ ሳያስተውላት ያልፋታል። እኛም በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ደጋግመን አልፈናታል።

ቆም ብለን ስንመለከታት ግን የምታስደንቅ ሆና እናገኛታለን። ባለቤቱ ማንንም ከጣራ አልገፋም፤ በልቡም ክፋት አላሰበም። የሠራው ቤት ነው። ነገር ግን አሠራሩ በኋላ በዚያ ለሚመላለስ፣ ምናልባትም ስሙን ለማያውቀው ሰው፣ ሕይወት ወይም ሞት ሊሆን ስለሚችል ሕጉ አስቀድሞ ተጠያቂ ያደርገዋል። እንግዲህ ድንጋይና እንጨት የምናቆምበት አኳኋን የግንበኛና የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው ማለት ነው። ከዚህ በመነሣት አንድ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን። ለሰው ቤት ወይም የሥራ ቦታ የሚሠራ ሰው ዕዳው ከመውደቅ በማዳን ብቻ ያበቃልን? ወይስ ብርሃን፣ ንጹሕ አየር፣ ጸጥታና ዓይን የሚያርፍበት ነገር ጭምር ለሚኖርበት ሰው ይገባዋልን?

ብዙዎች ይህን ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አድርገው ይመለከቱታል። ደስታ ከውስጥ የሚመነጭ እንጂ ከግድግዳ የሚገኝ አይደለም፤ ቅዱሳን በዋሻ ኖረዋል፤ በጠባብ ጎጆ ውስጥ በፍቅር የሚኖር ቤተ ሰብ አለ፤ በሰፊ ቪላ ውስጥም የሚለቀስ አለ ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት አለው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በተጨናነቀና በተጎሳቆለ ሠፈር የሚኖሩ ድኾች እርስ በርሳቸው በሚመሠርቱት መቀራረብ መታፈናቸውን እንደሚያሸንፉት በአድናቆት ጽፈዋል። ሆኖም በዚያው መልእክት የምንኖርበት አካባቢ በአስተሳሰባችን፣ በስሜታችንና በአድራጎታችን ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አስቀድመው ተናግረዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንታዘባለን። «ደስታ ከውስጥ ነው» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው ክፍል ነው። ስለ ራሱ መኝታ ቤት መስኮት ሲነጋገር እንዲህ የሚል ባለቤት እስካሁን አልገጠመንም። መናኙ ዋሻውን የመረጠው ራሱ ነው፤ መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚቆጥረው ሠራተኛ ግን ቦታውን አልመረጠም፤ የመረጠለት ሌላ ነው። በፈቃድ የተቀበሉት ድህነት ምግባር ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የምንጭነው ድህነት ግን ለእኛ ምግባር ሊሆንልን አይችልም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ለቆጵሮስ ንጉሥ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው ድርሳን፣ ሰው መልካም ሕይወት ይኖር ዘንድ ከሁሉ በፊት ምግባር፣ ከዚያም በሁለተኛ ደረጃና እንደ መሣሪያ ለሥጋ የሚበቃ ነገር እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። በዚያው ድርሳን ከተማ የሚቆረቁር ንጉሥ ጤናማ አየር ያለበትን ስፍራ እንዲመርጥ፣ ስፍራውም ለዓይን ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን ይመክራል። መልክአ ምድሩ የማያስደስት ከሆነ ሰዎች በዚያ ለመኖር አይጸኑም ይላል። ደስታው በልክ እንዲሆን ማስጠንቀቁም አልቀረም፤ መነኵሴ ነውና። ሆኖም ታላቁ የነገረ መለኮት ሊቅ ስለ አየርና ስለ መልክአ ምድር መጻፉን ከክብሩ በታች አድርጎ አልቆጠረውም።

ጉዳዩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ የምናደንቀውን ሕንፃ በዝርዝር እንመልከት። በፊንላንድ አገር ደቡብ ምዕራብ፣ ፓይሚዮ በምትባል ስፍራ፣ በጥድ ደን መካከል እ.ኤ.አ. በ1933 ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታልነት ተሠርቶ የተከፈተ ሕንፃ አለ። የነደፉት አልቫር አልቶ የተባለው የሥነ ሕንፃ ባለሙያና ባለቤቱ አይኖ ናቸው። በዚያ ዘመን ለበሽታው መድኃኒት አልነበረም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የተገኘው ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ለሕመምተኛው ሊሰጠው የሚቻለው ዕረፍት፣ ምግብ፣ አየርና ፀሐይ ብቻ ስለ ነበረ፣ ሕንፃው ራሱ እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር።

አልቶ ሥራውን ሲጀምር እርሱም ታሞ ተኝቶ እንደ ነበር፣ በጀርባው ተንጋሎ ሲውልም የተለመደው ክፍል ሁሉ ለቆመ ሰው የተሠራ መሆኑን እንደ ተረዳ ይናገር ነበር። መብራቱ ከኮርኒሱ መካከል በቀጥታ የተኛውን ሰው ዓይን ይወጋል። የቆመው ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ሐኪሙም፣ ጠያቂውም፣ የሕንፃው ባለቤትም ሁሉም ቋሚዎች ናቸውና። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ክፍሉን ከአልጋው ላይ ሆነው እንደ አዲስ አሰቡት። ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኮርኒሱን ስለ ሆነ ዓይን በማይወጋ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። መብራቱን ከተኛው ሰው እይታ ውጪ አደረጉት። ሙቀቱ ወደ ራስጌ ሳይሆን ወደ ግርጌ እንዲያመዝን አደረጉ። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ብቻ እንዲተኛ ሆኖ ለእያንዳንዱ የራሱ የእጅ መታጠቢያ ተሰጠው። መታጠቢያውም ውኃው በሰያፍ እንዲያርፍ ተደርጎ ስለ ተቀረጸ ድምፅ እምብዛም አያሰማም፤ አንዱ በሌሊት ተነሥቶ ሲታጠብ ሌላው ከእንቅልፉ እንዳይነቃ ነው። የወንበሩ መደገፊያ ሳንባው የደከመ ሰው በቀላሉ እንዲተነፍስ አጋድሎ ተሠራ፤ ብረት ለገላ ስለሚቀዘቅዝም ወንበሩ ከተጎበጠ እንጨት ሆነ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ስለ ፊንላንድ ሀብት ለማውራት አይደለም። የመታጠቢያው ሰያፍ ቅርጽ ከሌላው ቅርጽ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ብለን አንገምትም። የጠየቀው ነገር ቢኖር አንድ ሰው በሌሊት የሚያስል ጎረቤቱን እንቅልፍ ማሰቡን ነው። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሕፃናት የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይቸገራሉ ብለን እናምናለን።

የአልቶ ግምት ከንቱ እንዳልነበረ የሚጠቁም ጥናት በኋላ ወጥቷል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ውጤቱን አሳተመ። በዕድሜና በመሳሰለው የሚቀራረቡ 23 ጥንዶችን አነጻጸረ፤ ከጥንዱ የአንደኛው መስኮት ዛፎች ሲያሳይ የሌላው የሸክላ ጡብ ግድግዳ ያሳይ ነበር። ዛፍ ያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። አርባ ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ትልቅ ሕግ ማቆም አይገባም። ነገር ግን ዛፍ በመስኮት ማየት ቅንጦት ነው የሚለውን ሰው ትንሽ ሊያመነታው ይገባል።

ወደ ሥራ ቦታ ስንመለስ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በሥራ ቦታ የሚያዝና የሚታዘዝ አለና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2013 በባንግላዴሽ፣ ከዳካ አጠገብ በምትገኘው ሳቫር፣ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። ከመደርመሱ በፊት በነበረው ቀን በግድግዳው ላይ ትልቅ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ፤ ሱቆቹም ተዘጉ። ላይኛው ፎቅ የሚሠሩት ሰፊዎች ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተገደዱ። ሕንፃው አንድ፣ ስንጥቁም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ ለአንዱ ወገን «አልገባም» ማለት የተቻለ መሆኑ፣ ለሌላው ግን የወር ደመወዙን ያሳጣው የነበረ መሆኑ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሠራተኞች ቀን ባደረጉት ስብከት፣ እነዚያ ሰዎች በወር 38 ዩሮ ይከፈላቸው እንደ ነበር አንሥተው ይህ ባርነት ነው ብለዋል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ዝም አላለችም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫንበት አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው፣ የሠራተኛውን ጤናና ሞራል የማይጎዳ የሥራ አካባቢ ከሠራተኛው መብቶች አንዱ መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል። መብት ያሉትን ልብ እንበል፤ መብት ደግሞ አሠሪው ደስ ባለው ጊዜ የሚሰጠው ስጦታ አይደለም።

በአሁኑ ዘመን ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ ደስ ሲለው ብዙ ይሠራል በሚል ምክንያት ለቢሮአቸው ምቾት ይጨነቃሉ። መጨነቃቸው መልካም ነው፤ ምክንያቱ ግን ያሠጋናል። በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የመብራት ብርሃን ሲጨምር ምርት ይጨምር እንደ ሆነ ለመፈተን ብዙ ሙከራ ተደረገ። ብርሃኑ ሲጨምርም ሲቀንስም ምርቱ ጨመረ እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ይተረካል፤ መረጃውን በኋላ ዳግመኛ የመረመሩት ግን ነገሩ እንደ ተረቱ የጠራ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ጥያቄያችን ሌላ ነው። ብርሃን መቀነስ ምርት እንደማይቀንስ ቢረጋገጥ ኖሮ፣ ሠራተኛውን በጨለማ ማስቀመጥ ይፈቀድ ነበርን? መስኮት የምንከፍተው ስለሚያተርፍ ብቻ ከሆነ፣ ትርፉ በቀረ ዕለት መስኮቱን እንደፍናለን። ግድግዳ አፍርሶ ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥም ሰዎችን ያቀራርባል ተብሎ በብዙ አገር ተሠርቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሁለት ድርጅቶች ጥናት ግን ሠራተኞቹ ወደ እንዲህ ያለ አዳራሽ ከተዛወሩ በኋላ ፊት ለፊት መነጋገራቸው ወደ 70 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታይ ይሸሸጋል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሠራተኞቹን አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

መጠየቅ ስንል የገዛ አህጉራችንን አንድ ምሳሌ እናስታውሳለን። በደቡብ አፍሪካ በክዋዙሉ ናታል አንድ የገጠር ሆስፒታል 53 ሰዎች ብዙ መድኃኒት በማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ ተይዘው 52ቱ መሞታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆነ፤ ብዙዎቹ በሽታው የያዛቸው በዚያው በሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ተመራማሪዎቹ አመለከቱ። ለመዳን የገቡበት ቤት ገደላቸው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በሰሜን ሩዋንዳ በቡታሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ሆስፒታል ሲነደፍ፣ የታመመ ሰው የሚጠባበቅበት የተዘጋ ኮሪደር እንዳይኖር፣ መተላለፊያው ከሕንፃው ውጪ በአየር ላይ እንዲሆን፣ አልጋዎቹም ፊታቸውን ወደ መስኮትና ወደ ተራራው እንዲያዞሩ ተደረገ። ግድግዳው የተሠራው ገበሬው ከእርሻው እየለቀመ ይጥለው በነበረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የጠረቡትም የዚያው አገር ግንበኞች ናቸው።

በአገራችንም ማሰብ ያልጎደለበት ሙከራ አለ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር መታቀዱ፣ ነዳፊው ነዋሪው እንዴት እንደሚኖር ማሰቡን ያሳያል፤ ምንም እንኳ በአንዳንድ ግቢ የጋራው ቤት ለሌላ አገልግሎት ቢውልም። በሌላ በኩል የእኛን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች እንመልከት። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህሩ ይጮኻል፣ ልጆቹ አይሰሙም፣ ሁሉም ዝናቡ እስኪያባራ ተያይቶ ይቀመጣል። ከሥሩ ኮርኒስ ቢኖረው ጩኸቱ ይቀንስ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ገንዘብ ሲገኝ የምናስቀድመው ከውጭ የሚታየውን ነው።

ይህን የምንጽፈው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በምናገለግልበት ቁምስና ከካህናቱ መኖሪያ በስተ ኋላ አንድ ማድ ቤት አለ። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ አንድ በር እንጂ መስኮት የለውም፤ ውስጡ ከጥላሸት የተነሣ ጠቁሯል። የምንበላው ሁሉ የሚሠራው በዚያ ነው። የሚያበስሉልን እናት ለብዙ ዓመት በዚያ ሲጋግሩ ኖረዋል። ጸሎተ ሰዓታት ስናደርስ ሳላቸውን በግድግዳው ማዶ እንሰማ ነበር፤ ብርድ ነው ብለን እናልፈው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሳሰለው ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ መገመቱን አንብበናል፤ አንብበንም በዚያው ቀን ከዚያ ማድ ቤት የመጣውን ወጥ በልተናል። ከሁለት ዓመት በፊት ከምእመናን የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ በእጃችን በነበረ ጊዜ የግቢውን በር በአዲስ የብረት በር ለወጥንበት። የመጣ እንግዳ ሁሉ በሩን ያደንቃል።

ባለፈው የጾም ወቅት እኚህ እናት ታመው ሳምንት ተኙ። አንድ ጠዋት ውኃ ለማፍላት ገብተን ማገዶ አነደድን። ሩብ ሰዓት ሳንቆይ ዓይናችን እያለቀሰ ወጣን። እርሳቸው በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ ሲጋግሩ ግማሽ ቀን ይቆማሉ።

ከዚያ በኋላ የቁምስናውን ምክር ቤት ሰብስበን አዲስ ማድ ቤት ለመሥራት ተስማማን። ፕላኑን ራሳችን ሣልነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ከፍ ያለ የጢስ መውጫ፣ በአጥሩ በኩልም አንድ መስኮት። ስለ ብርሃንና ስለ አየር ያነበብነውን ሁሉ ያገናዘብን መስሎን ነበር። ግድግዳው ደረት ያህል ሲደርስ እናታችን ተሽሏቸው ተመለሱ፤ ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ «አባ፣ ጢሱስ ይወጣልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን መስኮቱ ለምን ወደ አጥሩ ሆነ?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አጣን። እርሳቸውም በሩ በተንኳኳ ቁጥር እንጀራውን ምጣድ ላይ ትተው ማን እንደ መጣ ለማየት እንደሚሮጡ፣ ስንቱ እንጀራ እንዳረረባቸው፣ ከዚያም በላይ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳያዩ እንደሚውሉ ነገሩን። መስኮቱ ወደ ግቢው በር ቢሆን የሚገባውን የሚወጣውን እያዩ፣ ሕፃናቱም ለትምህርት ሲመጡ ሰላም እያሏቸው ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር አልጠየቅናቸውም ነበር፤ ፕላኑን በሣልንበት ምሽትም እርሳቸው ተኝተው የነበሩት ከእኛ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

በምክር ቤቱ አንዳንዶች ተቃወሙ። እንግዳ ከአዲሱ በር ሲገባ ፊት ለፊት ማድ ቤት ቢያይ አያምርም አሉ። ሌሎች ለመስኮቱ የተተወውን ቦታ ደፍኖ በሌላ በኩል ማፍረስ ተጨማሪ ሲሚንቶና የሁለት ቀን የግንበኛ ዋጋ እንደሚጠይቅ አስረዱ፤ ይህም እውነት ነው፤ ገንዘቡ የምእመናን ነውና አቅልለን አላየነውም። ክርክሩ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ቀትር ቆየ። በመጨረሻ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ወደ በሩ ይሁን አሉ። ግንበኛው ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ የመስኮቱን ከፍታ ግን እናታችን ራሳቸው ቆመው እስኪያሳዩት ድረስ አንድም ብሎኬት እንዳያነሣ ነግረነዋል።